አትራመድ አልኩህ

ጉንዳን ፎቶ ለማንሳት ትዕግሥት ያስፈልጋል ይላሉ። እኔ ደግሞ የሚያስፈልገው ዝም ብሎ የሚቀመጥ ባል ነው እላለሁ። በእኔ ሌንስ ጉንዳኗ ስክሪኑ ላይ ድመት ታክላለች፤ የወለሉ ንዝረትም አብሮ ይገዝፋል። ጓዳ ውስጥ ሰው ከተራመደ ምስሉ ይናጣል፣ ልፋቴን ውኃ በላው ማለት ነው።

ዛሬም ለመማሪያ መጽሐፍ የሚሆነውን ፎቶ ላስረክብ ብዬ ወገቤ እስኪቆረጥ ጎንበስ ብያለሁ። ፍሪጅ ውስጥ ያደነዘዝኳት ጉንዳን ሳትነቃ ልጨርስ ስል ምስሉ ተናጠ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቁም!» ብዬ ወደ ጓዳ ጮህኩ።

ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተራመደ። እንደገና ጮህኩ፤ ቆመ። ከተጋባን ጀምሮ እንዲሁ ነን፤ እኔም መቆጣት ሰልችቶኛል።

ወዲያው የውጭው በር ተከፈተና ባሌ ዳቦ ይዞ ገባ።

«ከማን ጋር ነው የምትጨቃጨቂው? ድምፅሽ እኮ መንገድ ድረስ ይሰማል።»

«ጓዳ አልነበርክም እንዴ?»

«ኧረ በጠዋት ነው የወጣሁት! አንቺ ጉንዳንሽን ስታዪ ባል ይታይሻል?»

እየሳቀ አጠገቤ ተቀመጠና ሁለቱንም እግሮቹን ወንበር ላይ ሰቀለ። «ይኸው፣ ከእንግዲህ በእኔ አታሳብቢ።»

ሁለታችንም ስክሪኑን አየን። ምስሉ ተናጠ። ደግሞ ተናጠ፤ ይኼኛው ከፊተኛው በረታ ያለ ነው።

የባሌ እግሮች እንደተሰቀሉ ናቸው። ሳቁን ግን አቁሟል።

«ቁም!» አልኩ፣ በደከመ ድምፅ፣ ከልማድ።

ቆመ።