በቁረይሻ መንገድ የከበባቸው አውሬ

«እንዳትሮጪ!... ከሮጥሽ ይዘልብሻል!»

አሰጋሽ የባሏን የጋረደውን ድምፅ ስትሰማ እግሯ መሬት ላይ ተተከለ።

ጀርባዋ ላይ ያዘለቻት ልጇ ሉሉ ለማልቀስ እንኳ አቅም አልነበራትም...

አውሬው ከፊታቸው ቆሟል። ግራጫ ነው። ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ጎኑ የሰረጎደ፣ ዓይኑ ቢጫ።

አይጮህም። አያጓራም። ዝም ብሎ ያያቸዋል።

«ውሻ ይሆን እንዴ?» አለች በሹክሹክታ።

«የምን ውሻ! ውሻ እንዲህ ዝም ይላል? ተኩላ ነው!»

ጊዜው ያ የሰባ ሰባቱ ክፉ ድርቅ ነው።

ከአርማጭሆ ቆላ ተነሥተው ወደ ሱዳን ድንበር ተሻግረዋል። በገዳሪፍ በኩል፣ ቁረይሻ ከሚባለው የእርሻ አገር ከደረሱ እህልም ሥራም አለ ተብለዋል።

ሲነሡ ግን አራት ነበሩ...

የአሰጋሽ አባት፣ ሽማግሌው ወልደ ማርያም፣ ያን ዕለት ጠዋት ጉልበታቸው ከዳቸው። ግራር ሥር ተቀመጡና «እኔን ተዉኝ፤ ልጅቷን አድርሱ» አሉ።

አሰጋሽ እግራቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ጋረደው የቀረቻቸውን ጉንጭ ውሃ አጠገባቸው አስቀመጠና ክንዷን ይዞ ጎተታት።

«እመለሳለሁ አባዬ... ይጠብቁኝ!» አለች።

እንደማትመለስ እሷም ታውቃለች። እሳቸውም ያውቃሉ።

ጥቂት እንደሄዱ ዞር ብላ ስታይ... ግራጫው አውሬ አባቷ ላይ አጎንብሷል። ነጠላቸውን በጥርሱ ይዞ ይጎትታል!

ልትጮህ ስትል ጋረደው አፏን ያዘ። «አልቋል፣ አሰጋሽ። ሉሉን አስቢ!»

እና አሁን ያው አውሬ ቀድሟቸው ፊታቸው ቆሟል።

አባቷን ጨርሶ ነው የመጣው...

ጋረደው ድንጋይ አንሥቶ ወረወረ። የኋላ እግሩን አገኘው። አውሬው እያነከሰ ራቅ አለ... ከዚያ ዞሮ በኋላቸው መጣ።

ወደ ግራ ሲሉ በግራ ይቀድማቸዋል። ወደ ቀኝ ሲሉ በቀኝ። ቆም ሲሉ የጋረደውን ተረከዝ ቆንጠጥ ያደርጋል... ግን አያደማም።

የጋረደው ፊት አመድ መሰለ።

«ገባኝ» አለ። «እየነዳን ነው! ተኩላ እንዲህ ነው የሚያድነው። አንዱ ይነዳል፣ ሌሎቹ አድፍጠው ይጠብቃሉ...»

አሰጋሽ ሉሉን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ አጣበቀቻት። አውሬው ቀድሞ እሷን እንዲበላ ነው እንጂ ልጅቷን ለማዳን አቅም አልነበራትም።

ከፊታቸው ያለውን ጉብታ ወጡ።

መንጋው አለ። ግን የተኩላ መንጋ አይደለም...

በጎች ናቸው! ግመሎች፣ ድንኳኖች፣ የውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ የቆሙ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌም አሉ።

«ተዓሉ! ኑ! አትፍሩ!» አሉ ሽማግሌው። «የኔ ውሻ ነው!»

ሙዘይን ይባላሉ። በግ ሊሸጡ መተማ ሲመላለሱ አማርኛ ለምደዋል። ባለቤታቸው ራሒማ ሮጣ መጥታ የሉሉን ከንፈር በውሃ አራሰች።

ውሻው ግን አልተኛም። ውሃ ቢሰጡት አልጠጣም። ወደመጡበት እያየ ያላዝናል...

ሙዘይን ግራ ገብቷቸው ጠየቁ። «ከናንተ የቀረ ሰው አለ?»

ጋረደው መሬት መሬቱን አየ።

«ይሄ ውሻ አንድ በግ ዱር ከቀረ ውሃ አይቀምስም» አሉ ሙዘይን። «ሰው ይሁን በግ አይለይም። የጠፋ ካየ ያመጣል።»

«አባቴ!» ብላ ጮኸች አሰጋሽ። «ግን እኮ... በልቷቸዋል! በዓይኔ አይቻለሁ!»

ሙዘይን የውሻውን አፍ ከፈቱ። በነጭ እጅጌያቸው ጥርሱን ጠረጉና አሳዩዋት።

«ደም አለ?»

የለም...

ግመል ጭነው ውሻውን ተከተሉ። ግራሩ ከሩቅ ሲታይ አሰጋሽ ዓይኗን ጨፈነች። ቅርንጫፉ በጥንብ አንሣ ተሞልቷል።

ውሻው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። አሞሮቹ ግር ብለው ተነሡ።

ወልደ ማርያም ቀና አሉ!

«ነጠላዬን እየጎተተ ተነሥ ተነሥ አለኝ...» አሉ በደከመ ድምፅ። «እምቢ ስለው ትቶኝ እናንተን ተከተለ።»

አሰጋሽ ያን ዕለት አባቷን አቅፋ ያለቀሰችው ለቅሶ ለሌላ ሰው አይነገርም።

ጋረደው ደግሞ በድንጋይ የመታውን እግር እያጠበ ጠየቀ። «ግን ልክ እንደ ተኩላ ነው እኮ የከበበን...»

ሙዘይን ሳቁ። «የውሻ አያት ተኩላ አይደል? ተኩላም በግ ይከብባል፤ ይሄም ይከብባል። ያ ሊበላ ነው፤ ይሄ ቤት ሊያስገባ ነው። አከባበቡ ያው ነው፤ ልቡ ነው የተለየው።»

ወልደ ማርያም ክረምቱ እስኪገባ ኖሩ። የሞቱት ቁረይሻ ውስጥ፣ በልጃቸው እጅ ላይ ነው። ሉሉ ዛሬ እዚያው ሱዳን፣ ፋው ከተማ የልጆች እናት ናት።

ወዳጆቼ...

ዝንጀሮ ነው ብልህ? ዝሆን? ወይስ ውሻ? እያልን እንከራከራለን። ያ ውሻ መቁጠር አይችልም። አንድ መጉደሉን ግን አወቀ፤ አውቆም ዝም አላለም። ብልህነት የጎደለውን አይቶ መመለስ ነው። ደግሞም የሚያስፈራን ሁሉ ጠላታችን አይደለም፤ አንዳንዱ ወደ ውሃ እየነዳን ይሆናል።

በጋረደው ላይ ግን ለመፍረድ አትቸኩሉ...

እናንተ በሱ ቦታ ብትሆኑ፣ ልጅ በጀርባ፣ አባት ግራር ሥር... ምን ታደርጉ ነበር? እውነቱን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።