የተውለበለበ እጅ

ካፒቴን ኮሊን ካሚሽ ልጁን በቀበረ ማግሥት ለቴሌቪዥን ድርጅቱ ደውሎ ከፕሮግራሙ ወጣ። ውሉ ገና አንድ ዓመት ይቀረው ነበር። ድርጅቱ አልተከራከረውም።

ፕሮግራሙ በሰሜን ባሕር ሎብስተር የሚባለውን ውድ የሸርጣን ዘመድ የሚያጠምዱ ሰዎችን ውሎ እንዳለ ያሳያል ይባል ነበር። በእንግሊዟ ብሪድሊንግተን ወደብ ግን «እንዳለ» የሚለውን ማንም አያምንም። ኮሊን አንዷን ሸርጣን ለካሜራ ሲል ደጋግሞ ከባሕር ሲያወጣት ያዩ አሉ።

ለምን እንደወጣ ሚስቱ ሎረን ታውቃለች። በእሷ ምክንያት ነው።

በዚያ ወደብ የዓሣ አጥማጅ ሚስት ጀልባ ሲወጣ እጇን አታውለበልብም። «ደህና ሁን» አትልም። ሻዩን በር ላይ ታቀብልና ፊቷን ታዞራለች። የተውለበለበለትን ሰው ባሕር ይወስደዋል ይባላል። ሎረን በትዳር ዘመኗ ሁሉ አድርጋው አታውቅም። በየካቲት አንድ ጠዋት ግን የፕሮግራሙ አዘጋጅ የወደቡ ግንብ ጫፍ ላይ አቁሟት፣ «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለቀረጻው ነው» አላት። አውለበለበች።

ልጇ ስኮት በአባቱ ጀልባ የኋላ ጫፍ ላይ ቆሞ ሳቀባት። «እማዬ፣ አበድሽ እንዴ!»

ከቀትር በፊት ሞተ። የሎብስተር ወጥመዶች በአንድ ረጅም ገመድ ይታሰሩና ጀልባው እየሄደ ተራ በተራ ይጣላሉ። ገመዱ በሚሮጥበት ጊዜ ካፒቴኑ ወደ ኋላ ያያል፤ ወዲያው ለማቆም እንዲችልም እጁ ከሞተሩ ማንሻ አይለይም። የስኮት እግር ገመዱ ውስጥ ገባና ወደ ባሕሩ ጎትቶ አሰመጠው። ኮሊን ለፖሊስ «በቅጽበት ሆነ» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ አመነው፤ እንዲህ የሞቱ ብዙ ናቸው።

ጀልባው ላይ ሆና የምትቀርጸው ኢሞጅን የምትባል ልጅ ቀብሩ ላይ ወደ ሎረን ቀረበች።

«ሚስስ ካሚሽ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት—»

ኮሊን መሃል ገባ። «ዛሬ አይሆንም፣ ልጄ። ሂጂ በቃ።»

ልጅቷ እያለቀሰች ሄደች። ሎረን ስለዚያ ማውለብለብ ይቅርታ ልትጠይቃት እንደነበር ገመተች። በሰው ፊት እንዳይነሳባት ስላደረገ ባሏን በልቧ አመሰገነችው።

ከዚያ ወዲህ ኮሊን ወደ ባሕር አልወጣም። አሮጌ የቁማር ማሽኖች መሰብሰብ ጀመረ፤ በባሕሩ ዳር ካሉት የመጫወቻ አዳራሾች የተጣሉ፣ በዕድሜ የሚበልጡት። ጎናቸው ያለው እጀታ ሲሳብ ቼሪ፣ ሎሚና ደወል የተሳለባቸው ሦስት መዘውሮች ይሽከረከራሉ። ጋራዡን ሞሉት። ይፈታቸዋል፣ ዘይት ይቀባቸዋል፣ መልሶ ይገጥማቸዋል።

«ሎረን፣ ባልሽ ቁማር ቤት ከፈተ አሉ» አለቻት ጎረቤቷ ዶት፣ የተጠበሰ ዓሣ ለመግዛት ተሰልፈው ሳለ። «ሳንቲም ይዘን እንምጣ፣ ወይስ በዱቤም ያጫውታል?»

«ዶት፣ አፍሽን ብትዘጊ ምን አለ?»

«እኔማ እዘጋለሁ። አንቺም ያኔ እጅሽን ሰብስበሽ ቢሆን ኖሮ።»

ዶት ራሷ ደነገጠች። ሎረን ዓሣውን ሳትገዛ ወጣች።

በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደች። ኮሊን የአንዱን ማሽን እጀታ ገና መሳቡ ነበር።

«ኮሊን።»

አልዞረም።

«ኮሊን፣ አንተን እኮ ነው!»

ዓይኑን ከመዘውሮቹ አልነቀለም። የመጨረሻው እስኪቆም ድረስ ቤት ቢቃጠል እንኳ ቀና አይልም፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ፊቷን ላለማየት እንደሚያደርገው ሎረን ታውቃለች።

«እዚህ ውስጥ ዕድል የሚባል ነገር የለም» አለ፣ መዘውሩ ሲቆም። «ከፍቼ አይቼዋለሁ። የብረት ጥርስና ሞላ ብቻ ነው። ሁሉም ነገር ምክንያት አለው።»

«ምክንያቱ እኔ ነኝ ማለትህ ነው?»

መፍቻውን አንሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሎረን ከስታለች። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትታለች፤ በወደቡ በኩል ማለፍም ትታለች። ቀኝ እጇን ኪሷ ውስጥ አድርጋ ነው የምትሄደው። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በስኮት ልደት ቀን፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጠየቀችው።

«አንድ ጊዜ በአፍህ በለው። ከጠላኸኝም ጠልቼሻለሁ በለኝ። ይቅር ብለኸኝ እንደሆነ ግን አትደብቀኝ። ከዚህ ሌላ የምጠይቅህ የለኝም።»

ኮሊን ኩባያውን አስቀመጠ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

«ኮሊን፣ ልሙትልህ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ» አላት።

ወለሉ ላይ ተቀምጣ እጁን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው። እሱ መስኮቱን ያይ ነበር። በዚያ ሳምንት ሎረን እንደገና መብላት ጀመረች። ዶትን እንኳ ሻይ ጠራቻት።

«ኮሊን ጥሩ ሰው ነው» አለቻት ዶት፣ ስኳር እያማሰለች። «ሌላ ወንድ ቢሆን ቤቱን ጥሎልሽ ይሄድ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ሎረን።

የስኮትን አሟሟት የሚያጣራው ዳኛ በኅዳር በሃል ከተማ ተሰየመ። ሎረን ከባሏ ጎን ተቀመጠች። ኢሞጅን ቃሏን ሰጠች፤ ድርጅቱም በዳኛው ትእዛዝ ያስረከበው የዚያ ቀን ቀረጻ በችሎቱ ታየ።

ገመዱ ይሮጣል። ስኮት ቋጠሮ ውስጥ የገባ እግሩን በሁለት እጁ እየጎተተ «አባዬ፣ አቁም! አባዬ!» ሲል ይሰማል፤ ኮሊንም ፊቱን ከካሜራው ሳያዞር፣ መዳፉን ወደ ልጁ ዘርግቶ «አንዴ ቆይ» የሚል ምልክት ይሰጥና፣ ስለ ሎብስተር ጣዕም የጀመረውን ንግግር ፈገግ ብሎ ይጨርሳል።