የታመነው ባትሪ

ለትልቅ አውሮፕላን ባትሪ መምረጥ ሚስት ከመምረጥ ይከብዳል ይሉ ነበር ጋሼ ሽቦ። ሚስት ብታኮርፍ ትለመናለች፤ ባትሪ ሰማይ ላይ ካኮረፈ ግን ልመና አይሰማም።

አውሮፕላኗ ሰው አትጭንም፤ በሬዲዮ የምትበር ሞዴል ናት። ቢሆንም ክንፏ ከባለቤቷ ቁመት ይረዝማል፤ መኪና ጣሪያ ላይ ካልታሰረ አይጓዝም። ሆዷ ውስጥ ተቀባይ የሚሉት ትንሽ ሳጥን አለ። አብራሪው መሬት ላይ ቆሞ፣ አንገቱ ላይ ካንጠለጠለው መቆጣጠሪያ የሚልከውን ትእዛዝ እየሰማ ክንፍና ጅራቷን የሚያዘው እሱ ነው፤ የሚሰማው የተጣመረለትን አንድ መቆጣጠሪያ ብቻ ነው፤ ከሌላ ጋር ማጣመርም የደቂቃ ሥራ ነው። የተቀባዩ ባትሪ ከደከመ አውሮፕላኗ ደንቆሮ ትሆናለች።

ጋሼ ሽቦ ዕድሜያቸውን ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ሞዴል የሚያበሩበት ሜዳ ሰዎች ናቸው። ክንፏን ጨርቅ ያለበሰቻት ልብስ ሰፊዋ ሚስታቸው ነበረች። ከሞተች ዓመት አለፋት። ከዚያ ወዲህ የጋሼ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አውሮፕላኗም ሁለት ጊዜ ወደቀች። ጅራቷ ተሰብሮ ተጠገነ። ክንፏን ግን ከእንግዲህ የሚሰፋት የለም።

«ጋሼ፣ እሑድ ያብርሩና እንይዎት» አላቸው የሞዴል አብራሪዎቹ ክበብ ሰብሳቢ። «ከወደቀች ግን ይበቃዎታል። ሜዳው ላይ ሰው አለ።»

ልጃቸውም ይብቃህ ማለት ከጀመረ ቆይቷል። የልጆች አባት ሆኗል፤ እሱም እዚያው ሜዳ ሞዴል ያበራል። ቅዳሜ ከሰዓት መሥሪያ ክፍላቸው ሲገቡ የአውሮፕላኗን ሆድ ከፍቶ ተቀባዩ ላይ ጎንበስ ብሎ አገኙት። ደነገጠ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«አዲስ ባትሪ ገዝቼልህ፣ ልግጠመው ብዬ ነው አባዬ።»

«ባትሪ መምረጥ አቃተኝ ያለህ ማነው?»

«ኧረ ማንም። እንዲያው እንድታርፍ ብዬ ነው።»

ጥቂት ቆይቶ በረንዳው ላይ ለእህቱ በስልክ ሲያወራ ሰሙት። «እሑድን ለእኔ ተይው» ይላል። «እሱ ብቻ እንዳያውቅ።»

ጋሼ ሽቦ በሩን ቀስ ብለው ዘጉ። ልጄ የእናቱን ክንፍ ሊያስከሰክስ ነው፣ እኔን ቤት ሊያስቀምጥ ብሎ፣ አሉ በልባቸው።

እሑድ ጠዋት ልጅየው ደጅ መኪናውን ሲያዘጋጅ አዲሱን ባትሪ ነቅለው አወጡት። ባትሪና ሰው ሥራ ካልያዙ አይታወቁም፤ ተቀምጠው ሲለኳቸው ሁሉም ሙሉ ናቸው። ስለዚህ የመኪና አምፖል አሸክመው ለኩት። የመለኪያው ቀስት አልወረደም። ይሄ ደግሞ ይባስ አስጠረጠራቸው፤ ተንኮል ድሮም ላይ ላዩን ያማረ ነው። ባትሪውን ኪሳቸው ከተቱት።

መደርደሪያው ላይ ያሉትን በየተራ አዩ። አንዱ አብጧል። የሌላው ሽቦ ዝጓል። አንደኛው ደግሞ ገና አምፖሉን ሲያሸክሙት ሐሞቱ ፈሰሰ። በመጨረሻ አንድ የሚያምኑት ትዝ አላቸው። መጠኑም መሰኪያውም ልክ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ሲያገለግላቸው አንድም ቀን አላሳፈራቸውም። ከነበረበት አውጥተው ለኩት፤ ቀስቱ ንቅንቅ አላለም።

«አባዬ፣ ረፈደ እኮ» አለ ልጅየው ከውጭ።

በሚንቀጠቀጥ እጃቸው እንደ ምንም ገጠሙት። የሆዷን ክዳን ዘግተው ዕቃቸውን ሰብስበው ወጡ።

ሜዳው ላይ መቆጣጠሪያውን አንገታቸው ላይ ሲያንጠለጥሉት ዛሬ ቀለል አላቸው። ሴራ ያከሸፈ ሰው ሁሉ ነገር ይቀለዋል። ማብሪያውን ገፉ። ኃይሉን የሚያሳየው የመቆጣጠሪያው መስኮት በፀሐይ አይነበብም፤ የእሳቸውም ዓይን ሩቁን ያያል እንጂ ቅርቡን ማየት ከተወ ሰንብቷል።

ልጃቸው ከኋላቸው መጥቶ ቆመ። የራሱን መቆጣጠሪያ አንጠልጥሏል፤ ትንሿን አውሮፕላኑን ግን ከመኪናው አላወረዳትም። ነፋሱን መጀመሪያ ልየው አለ። ስትወድቅ ሊያይ ነው የቆመው፣ አሉ ጋሼ ሽቦ በሆዳቸው።

በሜዳው ደንብ አብራሪ የሚያደርገውን ሁሉ አስቀድሞ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሌላው እንዲጠነቀቅ።

«ቀኝ» አሉ። ጅራቷ ወደ ቀኝ ታጠፈ። «ግራ።» ወደ ግራ ታጠፈ። «ልነሳ ነው።»

ተነሳች።

«ወደ ግራ ልዞር ነው።» ዞረች። ጣቶቻቸው የመቆጣጠሪያው ዘንጎች ላይ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋሉ፤ እሷ ግን በተሰመረላት መንገድ የምትሄድ ነበር የምትመስለው። «ዝቅ ብዬ ላልፍ ነው።» ዝቅ ብላ በራሳቸው ላይ ስታልፍ ፀሐይ የክንፏን ጨርቅ አሳልፋ የሚስታቸውን ስፌት አሳየቻቸው። አለቀሱ። ዓይናቸው በእንባ ተሞልቶ እንኳ አልተዛነፈችም።

«ላርፍ ነው» አሉ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። ሣሩን ሳትጎዳ አረፈች።

ሰብሳቢው መጥቶ እጃቸውን ያዘ። «ይቅርታ ጋሼ። ለካ እጅዎ ሰማይ ላይ አይንቀጠቀጥም። ሜዳው የእርስዎ ነው።»

ጋሼ ሽቦ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ፊቱ በላብ ተጠምቋል። ከኪሳቸው ባትሪውን አውጥተው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት።

«ይኸው ባትሪህ። አልበረርኩበትም።»

«ታዲያ በምን በረረች?»

«በማምነው። ከዛሬ ጀምሮ እጅህን ከእናትህ አውሮፕላን ላይ አንሳ። እሑድ እሑድም አትምጣብኝ፤ ለብቻዬ አበራለሁ።»

ልጅየው ባትሪውን ኪሱ ከቶ የራሱን መቆጣጠሪያ አጠፋ። «እሺ አባዬ» አለ። ቤት አድርሷቸው፣ አውሮፕላኗን ቀስ ብሎ ቦታዋ አስቀምጦ፣ ሳይቀመጥ ሄደ።

ጋሼ ሽቦ ሲሄድ በመስኮት አዩት። ልባቸው ቅር አለው፤ ግን ጥፋተኛው እሱ ነው። ከበረራ በኋላ እህል ከመቅመሳቸው በፊት መቆጣጠሪያውን ኃይል ማስሞላት የቆየ ልማዳቸው ነው። ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው የጀርባ ክዳኑን ከፈቱ።

የባትሪው ቦታ ባዶ ነበር፤ የሚያምኑት ባትሪ ጠዋት ከዚህ ነበር የወጣው።