የወደቡ ገመድ

ነጋዴዎቹ መርከብ ከከተማዋ የራቀው የባሕር ወንበዴ በዝቶ ነው ይላሉ። ቀሳውስቱ ደግሞ ስለ ኃጢአታችን ነው ይላሉ። የወደቡን ጥልቀት በየማለዳው በገመድ የሚለካው ሽማግሌ ከማንም ጋር አይከራከርም። ለክቶ ሲጨርስ ማማው ላይ ወጥቶ "አሥር ክንድ!" ብሎ ይጮኻል፤ ገበያውም ይከፈታል።

ዛሬ ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ትልቅ መርከብ ብቅ አለ። ባሕር ማዶ የተዳረችው የሽማግሌው ልጅ ከነሕፃኗ ተሳፍራበታለች። እሱ ግን ይንቆራጠጣል።

"አንተ ሰውዬ፣ ምጥ ያዘህ እንዴ?" ብላ ሚስቱ ሳቀችበት። "ይልቅ ገመድህን አምጣው፣ ለልጅ ልጄ ዥዋዥዌ ልሥራበት።" ገመዱን በክንዷ ለካችው። በየክንዱ አንድ መሆን የነበረበት ቋጠሮ ሦስት ሆኖ አገኘችው። ሳቋ ቆመ።

"ወደቡን ደለል በየዓመቱ ሞላው" አላት። "እኔም በየዓመቱ ቋጠሮውን አቀራረብኩት። እውነቱን ብናገር ከተማው በሳምንት ባዶ ይቀር ነበር።"

"መርከቡስ?"

"ደለሉ ላይ ይሰበራል።"

መርከቡ ሸራውን ወጥሮ እየቀረበ ነው። ሽማግሌው ማማው ላይ ወጣ። ገበያተኛው የለመደውን ሊሰማ ዝም አለ።

"ሦስት ክንድ ነው!" ብሎ ወደ መርከቡ ጮኸ። "ልጄን ይዛችሁ ተመለሱ!"