አራተኛው እትም

አራሚዋ የሟቹን ገጣሚ የእጅ ረቂቅ ከታተሙት መጻሕፍት ጋር የምታመሳክረው በሚስታቸው በእትዬ ሳሎን ተቀምጣ ነው። ግጥሙ በልጅነቷ ስለተቀጠፈች ልጃቸው ነው። ረቂቁ «ልጄ መንገዱ ማዶ ናት» ይላል። የመጀመሪያው እትም «የአጥሩ በር ላይ»፣ ሁለተኛው «ደረጃው ላይ»፣ ሦስተኛው «ከእናቷ ወንበር ኋላ»።

«እትዬ፣ ጋሼ ይቺን ስንኝ በየጊዜው ይቀይሯት ነበር?»

«በምን አቅማቸው፤ ለመጀመሪያውም እትም አልደረሱ። እኔም አንዲት ፊደል እንዳትነኩ ብዬ ነው የሰጠሁት።»

አራሚዋ ዛሬ ከማተሚያ ቤት የተላከላትን የአራተኛውን እትም ማረሚያ ቅጂ ገለጠች። «እናቷ ጭን ላይ» ይላል። ድምፅ አውጥታ ልታነበው አልደፈረችም፤ ወረቀቱ ግን መልሳ ስታጥፈው ተንኮሻኮሸ።

«ቀስ አድርጊው የኔ ልጅ» አሉ እትዬ፣ ብርድ ልብሱን ጭናቸው ላይ እያለባበሱ። «ገና አሁን መተኛቷ ነው።»