ግራጫው መኪና

ሰው ዝናብ ሲመጣ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ኢብራሂም ግን ሰማዩ ሲጠቁር ነው ከሰፈሩ ከዌስተን የሚወጣው። ሰመር በመጣ ቁጥር ሱፐርሴል የሚሉትን፣ እየተሽከረከረ የሚጓዝ ደመና እያሳደደ፣ ከሥሩ የሚወርደውን አውሎ ነፋስ፣ ቶርኔዶውን ይቀርጻል። እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ አመል ነው።

የዚያን ዕለት ከሚስቱ ከከውሰር ጋር ተኮራርፎ ወጣ። አስምህ ሳይሻልህ የትም አትሄድም ብላው ነበር፤ በሩን ዘግቶ ሄደ። አባቱ ጋሽ ተማም ታክሲያቸው ጋራዥ ገብታባቸው ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል፤ በመስኮት ሆነው ሸኙት።

ሀይዌይ ላይ ከውሰር ደጋግማ ደወለች።

"የት እንዳለሁ በስልኬ ሎኬሽን ታያለች፤ ምን ትነዘንዘኛለች?" አለና ስልኩን ሳይለንት አደረገው።

መኪናውን የሚነዳው ጓደኛው ያዕቁብ ነው። ሜዳማው የእርሻ አገር ሲገቡ በመስታወቱ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። አንድ ግራጫ መኪና ከኋላቸው አለ፤ ሲታጠፉ ይታጠፋል፣ ሲፈጥኑ ይፈጥናል።

"ኤርሚ ነው" አለ ኢብራሂም።

ኤርሚ የኖርዝ ዮርክ ልጅ ነው። አምና ኢብራሂም የደረሰበትን ቶርኔዶ ከኋላው ተከትሎ ቀረጸና ኢንተርኔት ላይ ቀድሞ ለጠፈው፤ ስሙንም ምስጋናውንም ወሰደ። ሰሞኑን አዲስ መኪና ገዝቷል ተብሎ ተወርቷል። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ደግሞ ኢብራሂምን በቋሚነት ለመቅጠር የዛሬውን ቀረጻ እንይልህ ብሎታል። ዛሬም ከተቀደመ አለቀለት።

ከፊታቸው ደመናው ወደ ምድር ዝቅ ብሎ መዞር ጀመረ። ግራጫው መኪና ረጅም መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ቀረበ። ኢብራሂም ሳሉ ተነሳበት፤ ኪሱን ዳበሰ፣ ባዶ ነው። ተወው።

"እዚያ የገለባ መጋዘን ጀርባ ግባና መብራት አጥፋ። ይለፈን።"

ያዕቁብ አመነታ። "ቶርኔዶው እኮ ይሄንን መንገድ ነው የሚያቋርጠው። በዚህ ዝናብ አይታየውም።"

"ማን ተከተለኝ አለው? የእጁን ያግኝ።"

ከገለባ መጋዘኑ ጀርባ ተደበቁ። ግራጫው መኪና አልፏቸው ሄደ። ትንሽ እልፍ እንዳለ ቀስ አለ፤ የፍሬን መብራቱ በራ። ሊዞር ሲል ዝናቡ ሸፈነው።

ኢብራሂም ካሜራውን ደግኖ ቀረጸ። እንዲህ ያለ ቶርኔዶ በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ዝናቡ ሲገለጥ መንገዱ ላይ መኪና የሚባል አልነበረም።

"ያ አላህ" አለ ያዕቁብ።

ኢብራሂም ማንም አስገድዶ አላመጣውም ሊል ፈለገ፤ ሳሉ አላናግር አለው። አምቡላንስ ለመጥራት ስልኩን አወጣ። የከውሰር የድምፅ መልእክት ነበር፤ ከፈተው።

"ኢብሮ፣ የአስም መድኃኒትህን ረስተህ ስለሄድክ አባባ በጎረቤት መኪና ይዘውልህ እየመጡ ነው፤ ሎኬሽንህን ልኬላቸው ደርሰውብሃል፣ መብራት ባበራለትም አልቆም አለኝ እያሉ ነው፤ በአላህ ቁምላቸው።"