ማጣሪያው እስኪጠራ

ሚርቫ የመመርመሪያውን ገመድ ከመሪው ሥር ሰክታ ስክሪኑን ትኩር ብላ አየችው። ታውኖ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው አጠገቧ ቆመዋል። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ከበራ ሰንብቷል፤ ዛሬ ደግሞ መኪናው አቅም አጥቶ ወደ ጋራዡ የመጣው በስንት ልመና ነው።

"ኮዱ የጭስ ማጣሪያው በጥላሸት ተደፍኗል ነው የሚለው" አለች። "ናፍጣ መኪና ረጅም መንገድ ካልሄደ ማጣሪያው አይግልም፤ ካልጋለ ደግሞ ጥላሸቱ አይቃጠልም። ሩቅ ይነዳሉ?"

"እንዴታ። በየሳምንቱ ኦሉ ከተማ እሄዳለሁ፣ ልጄ ጋ።"

ውሸት ነበር። በሰማንያ ዓመታቸው ለመካኒክ መዋሸታቸው ራሳቸውንም ገረማቸው። ልጃቸው ኦሉ መኖሯስ እውነት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የሄዱት ግን ሚስታቸው በሕይወት ሳለች ነበር፣ ያውም በእሷ ጉትጎታ። አሁን መኪናው የሚያውቀው ሱቁንና መካነ መቃብሩን ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጋ ሞተሩ ሳይሞቅ ይደረሳል።

ሚርቫ ስክሪኑን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ከዚያ ስክሪኑን ቀስ ብላ ወደ ራሷ አዞረችው። መኪናው ለካ እያንዳንዷን አጭር መንገድ መዝግቦ ይዟል። ታውኖ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ።

"ኮዱን ማጥፋት አይቻልም?" አሉ።

"እሱን አጠፋዋለሁ፤ ጉልበቱም ለጊዜው ይመለስለታል። ጥላሸቱ ግን እዚያው ነው። ከዚህ ከባሰ ማጣሪያውን መቀየር ሊመጣ ነው፤ ለዚህ መኪና ደግሞ አያዋጣም። ያኔ ለቁራሌ ነው።"

መንደራቸው አውቶቡስ መግባት ካቆመ ቆይቷል። መኪናው ከቀረ እሳቸውም ከሰው ቀሩ ማለት ነው።

"እና የት ልንዳው?" አሉ፣ በየሳምንቱ ኦሉ የሚሄድ ሰው መሆናቸውን ረስተው።

ሚርቫ እጇን በጨርቅ ጠረገች። "ዛሬ ዓርብ ነው፣ ሌላ ሥራ የለኝም። አብሬዎት ልውጣና የጥላሸቱን ቁጥር ልከታተል። ዝቅ ሲል እነግርዎታለሁ፣ እንመለሳለን። እስከዚያ እንዳይቆሙ።"

ወደ ኦሉ በሚወስደው ዋና መንገድ ወደ ሰሜን ወጡ። ግራና ቀኝ ጥድ ብቻ ነው። መመርመሪያው ሚርቫ ጭን ላይ ሆኖ ዘጠና በመቶ ይላል። ብዙ ከሄዱ በኋላ ሰማንያ አለ።

"ባልሽ እራት አቅርቦ ሲጠብቅሽ ልታስቀይሚው ነው" አሉ ታውኖ፣ ማስመሸታቸው ቢጨንቃቸው።

"ባሌም ኦሉ ነው" አለች። "እሱ ግን እንደ እርስዎ በየሳምንቱ አይመላለስም። እንደሄደ ቀረ።"

ታውኖን ሳቅ አመለጣቸው። ከሳቁ ቆይተው ነበርና ድምፁ የሌላ ሰው መሰላቸው።

"እኔም በየሳምንቱ አልሄድም።"

"አውቃለሁ። መኪናው ነግሮኛል።"

"ልጄ ክፉ አይደለችም። ትደውላለች።"

"ና አትልዎትም?"

"ትላለች። እንዲያው ለአፏ ይመስለኛል።"

ውጭው እየደነገዘ ነው። ከማጣሪያው የተቃጠለ ነገር ሽታ መጣ፣ ቆየና ጠፋ። ሞተሩ እንደ ድሮው ቀለል ብሎት ይጎትታል፤ ታውኖ መሪው ላይ ጣቶቻቸውን አፍታቱ።

ሰው ዞሮ የሚመለስበት ነዳጅ ማደያ ከሩቅ ታየ። ታውኖ ፍጥነት ቀንሰው "ይዙሩ" እስክትላቸው ጠበቁ። ምንም አላለችም። ወደ ጭኗ ሰረቅ አድርገው ቢያዩ ቁጥሩ ሦስት ላይ ቆሟል፣ ከቆመም የቆየ ይመስላል። ሚርቫ በመስኮቱ ጥዱን ታያለች፤ እጇ ከቁጥሩ አጠገብ ነው፣ ግን አልሸፈነችውም።

ታውኖ ልጠይቃት ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ተዉት፣ ነዳጁን ረገጥ አድርገው ማደያውን አለፉት።